ኮሮጆና ፖስታ፦ በደብዳቤ የሚሰጥ ድምፅ ክርክር ከሊንከን እስከ ትራምፕ

የ1997 ዓ.ም.ን ምርጫ የሚያስታውስ ሰው ጂሚ ካርተርን ሳያስታውስ አይቀርም። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ማዕከላቸው ያሰማራውን የታዛቢ ቡድን እየመሩ መጥተው፣ ግንቦት 7 ቀን ሕዝባችን ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ ድምፁን ሲሰጥ ከተመለከቱት የውጭ አገር ሰዎች ግንባር ቀደሙ ነበሩ። ድምፅ አሰጣጡን ገና በማለዳው አመስግነው በመናገራቸው ብዙ ሰው ቅር ተሰኝቶባቸዋል። ያንን ቅሬታ እንደገና ለመቀስቀስ አልተነሣሁም። የማነሣው በዚያው ዓመት በገዛ አገራቸው የሠሩትንና ብዙዎቻችን ልብ ያላልነውን ሌላ ሥራ ነው። (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ካርተር ከአዲስ አበባ በተመለሱ በአራተኛው ወር፣ በሴፕቴምበር 2005፣ ከቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከጄምስ ቤከር ጋር በጋራ የመሩት የምርጫ ማሻሻያ ኮሚሽን ሪፖርቱን አወጣ። ከሪፖርቱ ድምዳሜዎች አንዱ፣ ከምርጫ ጣቢያ ውጭ በፖስታ የሚላክ ድምፅ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ለማጭበርበር የተጋለጠ ነው የሚል ነበር። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ወረርሽኝ ሲመጣ ይህች ድምዳሜ ከመደርደሪያ ወርዳ የፖለቲካ ጦር መሣሪያ ሆነች። ያን ጊዜ ካርተር ራሳቸው ተነሥተው፣ በፖስታ ድምፅ መስጠት እንዲስፋፋ እደግፋለሁ የሚል መግለጫ አወጡ።

ለመሆኑ ሰውየው ቃላቸውን አጠፉ? ወይስ ሁለቱም አባባል እውነት ሊሆን ይችላል? ለዚህ መልስ ለማግኘት ወደ ኋላ ረዘም አድርጎ መሄድ ያስፈልጋል።

ከጦር ሜዳ የመጣ ድምፅ

በአሜሪካ መራጭ ድምፁን ከቀዬው ርቆ የመስጠቱ ነገር በሰፊው የተጀመረው በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ነው። በ1864 ፕሬዚዳንት ሊንከን ለሁለተኛ ጊዜ ሲወዳደሩ ከመራጩ ወንድ እጅግ ብዙው በጦር ግንባር ነበር። «ለአገሩ ደሙን የሚያፈስስ ሰው በአገሩ ጉዳይ ድምፅ ይነፈገው?» የሚለውን ጥያቄ ማንም በቀላሉ ሊያልፈው አልቻለም። ስለዚህም አሥራ ዘጠኝ የሰሜን ግዛቶች ወታደሩ ባለበት ሆኖ እንዲመርጥ የሚያስችል ሕግ አወጡ። አንዳንዶቹ ኮሮጆውን ወደ ጦር ሰፈር ላኩ፤ እንደ ኒው ዮርክ ያሉት ደግሞ ወታደሩ ድምፁን በታሸገ ኤንቨሎፕ ወደ አገር ቤት እንዲልክ አደረጉ።

ክርክሩም የዚያኑ ቀን ተወለደ ማለት ይቻላል። የሊንከን ወገን የሆኑት ሪፐብሊካኖች አጥብቀው ደገፉት፤ ዴሞክራቶች ደግሞ መኮንኖቹ የበታቾቻቸውን ድምፅ ይጠመዝዛሉ፣ ወረቀቱም በመንገድ ይለወጣል ብለው ተቃወሙት። የፔንስልቬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1862 ሕጉ ከግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ጋር ይጋጫል ብሎ ስለ ሻረው፣ በ1864 ሕገ መንግሥቱን እስከ ማሻሻል ተደርሷል። ሥጋቱም ባዶ አልነበረም። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የወታደሮችን ስም እየፈረሙ የሐሰት ድምፅ አዘጋጅተዋል የተባሉ የኒው ዮርክ ግዛት ወኪሎች ባልቲሞር ላይ ተይዘው በጦር ፍርድ ቤት ቀርበዋል። የሚገርመው የተያዙት ሰዎች ወታደሩ በደብዳቤ መምረጡን ሲቃወም የኖረው የዴሞክራት ወገን ሰዎች መሆናቸው ነው። ሊንከን ተለይቶ ከተቆጠረው የወታደር ድምፅ 78 በመቶ ገደማ አገኙ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት አሜሪካ ሌላ ታላቅ ለውጥ አየች። እስከ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ የድምፅ መስጫ ወረቀት የሚያትመው መንግሥት ሳይሆን ፓርቲው ነበር። ወረቀቱ በቀለሙና በመጠኑ ከሩቅ ስለሚለይ፣ ድምፅ የገዛ ሰው የገዛውን ዕቃ በዐይኑ እያየ ኮሮጆ ውስጥ ሲገባ ይከታተል ነበር። በ1856 አውስትራሊያ ውስጥ የተጀመረው ምስጢራዊ ድምፅ አሰጣጥ፣ ማለትም በመንግሥት የታተመ አንድ ዓይነት ወረቀትና መጋረጃ ያለው ክፍል፣ ከ1888 ጀምሮ በአሜሪካ ግዛቶች ሲስፋፋ ይህ ገበያ ተዳከመ። ሻጩ የሸጠውን ማስረከቡን ማረጋገጥ ካልተቻለ ገዢው ገንዘቡን ለምን ያወጣል?

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። በፖስታ የሚሰጥ ድምፅ ዋናው ድክመት ያለው በዚህ በመጋረጃው ነገር ነው። ወረቀቱ ቤት ሲገባ መጋረጃው አብሮት አይመጣም። በቤት ውስጥ አባወራው አለ፤ አሠሪው አለ፤ የሰፈር ካድሬ የሚመስል የፓርቲ ሠራተኛም «ልርዳዎት እማማ» ብሎ ሊገባ ይችላል። ይህንን የሚክድ ደጋፊ እውነተኛ ክርክር አያካሂድም።

ወገን የሚቀያየርበት ክርክር

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጥያቄውን እንደገና አመጣው። በ1942 የወጣው የወታደሮች ምርጫ ሕግ፣ በባሕር ማዶ የሚዋጋው ወታደር በደቡብ ግዛቶች የነበረውን የድምፅ ግብር ሳይከፍል ለፌዴራል ምርጫ ድምፅ እንዲሰጥ ፈቀደ። የሚሲሲፒው ተወካይ ጆን ራንኪንን የመሳሰሉ የደቡብ ዴሞክራቶች ግን አምርረው ተቃወሙ፤ ድምፅ የተነፈገው ጥቁር ወታደር በዚህ በር ሊገባ ነዋ! በ1944 ጉዳዩ እንደገና ሲነሣ፣ ሥልጣኑን ለየግዛቶቹ የሚተወውን ረቂቅ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በወታደሩ ላይ የሚፈጸም ማታለል ነው እስከ ማለት ደርሰዋል። እንግዲህ «የምርጫ ሥርዓት ይጠበቅ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ስለ ምርጫ ሥርዓት ብቻ እንደማይነገር ከዚህ እንማራለን።

ካሊፎርኒያ በ1978 ማንኛውም መራጭ ምክንያት ሳይጠየቅ በፖስታ እንዲመርጥ ፈቀደች። በ1986 ሬገን የፈረሙት ሕግ ደግሞ በውጭ አገር ለሚኖሩ ዜጎችና ለወታደሮች መብቱን በፌዴራል ደረጃ አጸናው። ሥርዓቱን እስከ መጨረሻው የወሰደችው ግን ኦሪገን ናት። በ1995 ምርጫው ሁሉ በፖስታ እንዲሆን የሚፈቅደውን ረቂቅ ያጸደቀው ሪፐብሊካኖች የሚመሩት የግዛቲቱ ምክር ቤት ሲሆን፣ አልፈርምም ብለው የመለሱት ዴሞክራቱ ገዥ ጆን ኪትዛበር ነበሩ። ወዲያው በጃንዋሪ 1996 በፖስታ ብቻ በተካሄደ ልዩ ምርጫ ዴሞክራቱ ሮን ዋይደን ለሴኔት ተመረጡ። በ1998 የኦሪገን ሕዝብ ራሱ በቀጥታ ውሳኔ ሥርዓቱን ተቀበለ። በኋላም ዋሽንግተንና ኮሎራዶ፣ እንዲሁም ጽኑ የሪፐብሊካን ግዛት የሆነችው ዩታ ተከተሉ።

ፍሎሪዳን ደግሞ እንይ። በ2000 ጆርጅ ቡሽ ፕሬዚዳንት የሆኑት በ537 ድምፅ ብልጫ ነው። ያን ጊዜ የፖስታ ማኅተም የሌለባቸው የወታደሮች ድምፅ መጣል የለባቸውም ብለው የተሟገቱት ሪፐብሊካኖች ነበሩ። በሴሚኖል ካውንቲ የሪፐብሊካን ሠራተኞች በፖስታ ድምፅ ማመልከቻዎች ላይ የጎደለውን የመራጭ ቁጥር ራሳቸው ሞልተዋል ተብሎ ክስ ሲቀርብ፣ ድምፁ ሁሉ ይሰረዝ ያሉት በዴሞክራት በኩል የቆሙ ከሳሾች ነበሩ፤ ፍርድ ቤቱ አልሰረዘም። በዚያ ሙግት የቡሽን ወገን የመሩት እነዚያው ጄምስ ቤከር ናቸው፤ በኋላ ከካርተር ጋር ተቀምጠው ስለ ፖስታ ድምፅ ያስጠነቀቁት።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ሁሉም ያው ናቸው ብዬ እጄን ለማጠብ አይደለም። አንድ መርሕ በመቶ ስድሳ ዓመት ውስጥ ባለቤቱን ስንት ጊዜ እንደ ለወጠ ያየ ሰው፣ ዛሬ «ይህ የእኛ መርሕ ነው» የሚለውን ሁሉ በጥርጣሬ ማዳመጥ እንደሚገባው ለማሳየት ነው።

ሌባው አለ፤ አሻራውም አለ

በፖስታ ድምፅ የሚፈጸም ስርቆት ተረት አይደለም። በ1997 (እንደ እነርሱ አቆጣጠር) በተደረገው የማያሚ ከንቲባ ምርጫ በፖስታ ድምፅ ላይ ሰፊ ማጭበርበር መፈጸሙን ፍርድ ቤት አረጋገጠ። በማግሥቱ ዓመት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የፖስታውን ድምፅ በሙሉ ጥሎ፣ በምርጫ ጣቢያ የተሰጠውን ብቻ ቆጥሮ፣ ከንቲባውን ዣቪየር ሱዋሬዝን ከወንበራቸው አንሥቶ ጆ ካሮሎን አስቀመጠ። በ2018 በሰሜን ካሮላይና ዘጠነኛ ወረዳ የሪፐብሊካኑ ዕጩ በ905 ድምፅ ሲመሩ፣ ለእርሳቸው የሚሠራ አንድ የፖለቲካ ወኪል ሰዎች ቀጥሮ ከየቤቱ ወረቀት ሲያሰበስብ እንደነበር ተደረሰበት። የግዛቲቱ የምርጫ ቦርድ ውጤቱን አላጸድቅም ብሎ ምርጫው በ2019 እንዲደገም አዘዘ። በ2023 ደግሞ በኮነቲከቷ ብሪጅፖርት በዴሞክራቶች የውስጥ ምርጫ፣ ሰዎች ወረቀት ደራርበው በመሰብሰቢያ ሣጥን ውስጥ ሲከቱ በካሜራ ታይተው ዳኛው ምርጫው እንዲደገም ወሰነ።

ከአሜሪካ ውጭም ምሳሌ ሞልቷል። ፈረንሳይ በማጭበርበር ምክንያት የፖስታን ድምፅ በ1975 አስቀርታ በውክልና ተካችው። በእንግሊዝ በርሚንግሃም በ2004 ለከተማ ምክር ቤት በተደረገ ምርጫ ስድስት የሌበር ፓርቲ ሰዎች በፖስታ ድምፅ ማጭበርበር ጥፋተኞች ተብለው፣ በ2005 ዳኛው ሪቻርድ ሞሪ ሥርዓቱን ክፉኛ የነቀፈ ፍርድ ሰጥተዋል።

እነዚህ ምሳሌዎች ግን ሁለት ነገር አብረው ይነግሩናል። አንደኛ፣ በአብዛኛው ትንንሽ ምርጫዎች ናቸው፤ ጥቂት መቶ ድምፅ ውጤት የሚለውጥባቸው። ሁለተኛ፣ ሌባው ተይዟል። ለምን ተያዘ? የፖስታ ድምፅ ከኮሮጆው ድምፅ የማይገኝ አሻራ ስለሚተው ነው። አሠራሩ በየግዛቱ ቢለያይም በጥቅሉ እንዲህ ነው፦ መራጩ ወረቀቱን ሞልቶ በውስጠኛው ኤንቨሎፕ ያሽገዋል፤ ያንን ደግሞ ስሙና ፊርማው ባለበት የውጭ ኤንቨሎፕ ውስጥ ይከተዋል። የምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ፊርማውን ወይም የመታወቂያ ቁጥሩን ከመዝገብ ጋር ያመሳክራል፤ ሰውየው ሌላ ቦታ አለመምረጡን ያያል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ወረቀቱ ከስሙ ተለይቶ ወደ ቆጠራ ይገባል። ወረቀቱን ማን ጠየቀ? መቼ ተላከ? ማን መለሰው? ሁሉም በመዝገብ ላይ አለ። አንድ ሰው መቶ ወረቀት ሊሰርቅ ይችላል። አንድ መቶ ሺህ ለመስረቅ ግን የሚያስፈልገው የሰው ብዛት ምስጢርን የሚያኖር አይደለም፤ መዝገቡም ይጮሃል።

ሲያትል የሚኖር አንድ ወዳጄ እንዳጫወተኝ፣ የመጀመሪያ ድምፁን የሰጠው በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ቡና እየጠጣ፣ የዕጩዎቹን ታሪክ አንድ በአንድ እያነበበ ነበር። «እኔ ወረፋ ይዤ ጣቴን ቀለም ነክሬ የመረጥኩ ሰው፣ መጀመሪያ ነገሩ ምርጫ አልመስልህ ብሎኝ ነበር» አለኝ። በዋሽንግተን ዲሲም፣ የከተማው የ2004 የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛን ካካተታቸው ቋንቋዎች አንዱ በማድረጉ፣ ወገኖቻችን ስለ ምርጫው በቋንቋቸው መረጃ ያገኛሉ። ሁለት ፈረቃ ለሚሠራ የታክሲ ሹፌርና ማታ ለምታድር ነርስ የፖስታው ድምፅ ቅንጦት ሳይሆን የመምረጥና ያለመምረጥ ልዩነት ነው። ሚዛኑ ላይ መቀመጥ ያለበት ይህም ጭምር ነው።

የ2020 ነገር

በ2020 ወረርሽኙ ሲገባ ከአሜሪካ መራጭ 43 በመቶ ያህሉ ድምፁን በፖስታ ሰጠ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በዚያው ዓመት ራሳቸው በፍሎሪዳ በፖስታ መርጠው ሳለ፣ ሥርዓቱ የተጭበረበረ ምርጫ ያመጣል እያሉ ወራት ሙሉ ተናገሩ። ደጋፊዎቻቸው ወደ ጣቢያ፣ ተቃዋሚዎቻቸው ወደ ፖስታ አደሉ። አስቀድሞ የሚታወቅ አንድ ነገር ነበር፤ የትኛው ወረቀት ቀድሞ ይቆጠራል?

በፍሎሪዳ የፖስታው ኤንቨሎፕ ከምርጫው ዕለት በፊት ተከፍቶ ስለሚዘጋጅ ውጤቱ በዚያው ሌሊት ታወቀ። በፔንስልቬንያና በዊስኮንሲን ግን ሕጉ ከምርጫው ቀን ማለዳ በፊት እንዳይነካ ይከለክላል። የምርጫ ሹማምንት ሕጉ እንዲሻሻል ቢለምኑም ምክር ቤቶቹ ሳያሻሽሉት ቀሩ። ስለዚህ በመጀመሪያው ሌሊት ትራምፕ ሲመሩ ታዩ፤ የፖስታው ድምፅ በተቆጠረ ቁጥር ብልጫው እየቀለጠ ሄደ። የአሠራሩን ምክንያት ለማያውቅ ሰው ይህ ዐይኑ እያየ የተፈጸመ ስርቆት መሰለ። ፔንስልቬንያ ውስጥ ምክንያት ሳይጠየቅ በፖስታ መምረጥን የፈቀደው የ2019 ሕግ፣ ሪፐብሊካኖች በበላይነት በያዙት ምክር ቤት የጸደቀ መሆኑንም ያስታወሰ ጥቂት ነበር።

ከዚያ የሆነው ይታወቃል። ከስድሳ በላይ ክሶች ቀርበው የምርጫውን ውጤት የሚለውጥ አንድም ፍርድ አልተገኘም፤ ክሶቹን ውድቅ ካደረጉት ዳኞች አንዳንዶቹ ትራምፕ ራሳቸው የሾሟቸው ነበሩ። ጆርጂያ የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ወረቀት በሙሉ በእጅ ቆጥራ ያንኑ አሸናፊ አገኘች። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ዊልያም ባር በዲሴምበር 1 ቀን ውጤት የሚለውጥ ማጭበርበር አላየንም አሉ። በአሪዞና የሪፐብሊካን ሴናተሮች ያስደረጉት ምርመራ በ2021 ሲጠናቀቅ የባይደን ብልጫ በ360 ድምፅ ከፍ ብሎ ተገኘ። አሶሺዬትድ ፕሬስ ስድስት አወዛጋቢ ግዛቶችን መርምሮ ማጭበርበር ሊሆኑ ይችላሉ ያላቸው ድምፆች 475 እንኳ አልሞሉም።

ይህ ሁሉ ማስረጃ ግን ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ካፒቶልን የወረረውን ሕዝብ አልመለሰም። በዋዜማው፣ ጃንዋሪ 5፣ በጆርጂያ በተደረገው የሴኔት ድጋሚ ምርጫ ሪፐብሊካኖች ሁለቱንም ወንበር አጥተው ነበር። «በፖስታ አትምረጡ፤ ምርጫው ሌብነት ነው» ሲባል የከረመ ደጋፊ በፖስታም በጣቢያም መቅረቱ ምን ይገርማል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ። በ2024 ፓርቲው ይህን ተረድቶ ደጋፊዎቹ ቀድመው እንዲመርጡ ቀሰቀሰ፤ ትራምፕም አሸነፉ። ሆኖም በኦገስት 2025 የፖስታን ድምፅ ለማስቀረት እንቅስቃሴ እመራለሁ ሲሉ እንደገና ተናግረዋል።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

ወደ ካርተር ልመለስ። ሰውየው በ1962 ለጆርጂያ ሴኔት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወዳደሩ፣ በኩዊትማን ካውንቲ ጆ ኸርስት የተባለ የአካባቢው ሹም ኮሮጆውን በሐሰት ድምፅ እንደ ሞላባቸው አምነው ተከራከሩ። ተሸንፈዋል ተብለው ነበር፤ ጋዜጠኛ አጋልጦ፣ ዳኛ መርምሮ፣ ኮሮጆው ተጥሎ ለወንበሩ በቁ። ያ ስርቆት በፖስታ ሳይሆን በጣቢያ፣ በሣጥን፣ በፀሐይ ብርሃን የተፈጸመ ነበር። ስለ ፖስታ ድምፅ ያስጠነቀቀው የ2005 ሪፖርታቸውም ቢሆን ኦሪገን በጥንቃቄ ሠርታ ከባድ ማጭበርበርን እንዳስወገደች መስክሯል። እንግዲህ ካርተር ቃላቸውን አላጠፉም። ያሉት አደጋው እውነት ነው፣ መድኃኒቱም አለ ነው። ሌሎች አደጋውን ብቻ ቆርጠው ወሰዱ። በኦክቶበር 2024፣ መቶ ዓመት በሞላቸው በሁለተኛው ሳምንት፣ የመጨረሻ ድምፃቸውን የሰጡት በፖስታ ነው። በዲሴምበር 29 ቀን ዐረፉ።

በእኔ እምነት የዚህ ታሪክ ዋና ትምህርት ከወረቀቱ መንገድ በላይ ነው። በ1997 ዓ.ም. እኛ የመረጥነው በጣቢያ፣ በሣጥንና በቀለም ነበር፤ ፖስታ የሚባል አልነበረም። ይሁን እንጂ ክርክሩን ለመፍታት ተሸናፊውም አሸናፊውም የሚያምነው ዳኛ ስላልተገኘ፣ አጣሪ ኮሚሽኑ በኋላ እንዳረጋገጠው የ193 ሲቪል ዜጎች ሕይወት ጠፋ። በአሜሪካ ደግሞ ዳኛው ነበር፤ መዝገቡ ነበር፤ ደግሞ መቁጠር ነበር። የጎደለው ሲሸነፍ «ተሸነፍኩ» የሚል መሪ ነበር። የመጀመሪያው ጉድለት በሕግና በተቋም ይሞላል። ሁለተኛውን ምን እንደሚሞላው እነርሱም ገና እየፈለጉ ናቸው።

ኮሮጆም ሆነ ፖስታ ድምፁን ይሸከሙታል እንጂ አያስከብሩትም። የሚያስከብረው ደንቡ ከጨዋታው በፊት ሲጻፍ፣ ቆጠራው በሁሉም ዐይን ፊት ሲሆንና የተሸነፈ ወገን አቤት የሚልበት በር ክፍት ሆኖ ሲቆይ ነው። ያንን በር አንኳኩቶ መልሱን ከሰማ በኋላም ወደ ቤቱ መመለስ የተሸናፊው ድርሻ ነው።

ቸር ያሰማን።